ለሬሳ ያልነፈግነው ክብር

የአገሬ ሰው ሲመርቅ ‹‹ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ›› ይላል። በቦረናም ሆነ በወግዲ፣ በከላላም ሆነ በሳይንት፣ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ይህን ካላለ ምርቃቱ የሞላለት አይመስለውም። ልብ ካልነው ምርቃቱ ሁለት ነው፤ አንዱ የቁም፣ አንዱ የሞት። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የሚደርስልን ሁለተኛው ብቻ እየመሰለኝ መጥቷል። ቀባሪማ ሞልቶናል! ጥሩንባ ይነፋል፤ እርሻ ይቆማል፤ ሱቅ ይዘጋል፤ ዕድሩ ድንኳኑን ይተክላል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊሙን፣ ሙስሊሙ የክርስቲያኑን አስከሬን ተሸክሞ ቁልቁለቱን ይወርዳል፣ ዳገቱን ይወጣል።

ሬሳው ራሱ እንኳ የሚታጠበው በወግ ነው። ወንዱን ወንድ፣ ሴቷን ሴት ታጥባለች። ገላው በጨርቅ እንደተሸፈነ ውኃ ይፈስበታል እንጂ እርቃኑን ለዓይን አይሰጥም። ሥራ የሌለው ሰው ወደዚያ አይጠጋም። አጣቢው ያየውን ነውር ለማንም አይናገርም፤ ቢናገር እሱ ነው የሚናቀው። ሟቹ አይሰማ፣ አያይ፣ አያፍር፤ እኛ ግን እናፍርለታለን።

እንግዲህ ሙግቴ ይኸው ነው፦ ለማይሰማው ሬሳ የማንነፍገውን ይህን ክብር ለሚሰማው፣ ለሚያየውና ለሚያፍረው አረጋዊ ለምን ነፈግነው?

የተወለድሁት ከመካነ ሰላም ዙሪያ ነው። አገሩን ለማያውቀው አንባቢ፣ ከደሴ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲጓዙ የለጋምቦን ብርዳም ሜዳ አቋርጠው፣ አቀስታን አልፈው የሚደርሱባት ደገኛ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ መሬቱ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ስሟ በግዕዝ የሰላም ቦታ ማለት ነው። ለአረጋውያን መኖሪያ ስም አውጡ ብንባል ከዚህ የተሻለ የምናገኝ አይመስለኝም። ይሁንና በዚያ ደጋ ያሉ ሽማግሎችና አሮጊቶች ሰላማቸውን በምን ሊያገኙት ነው? ልጅ የለም። ልጅ አልተወለደም ማለቴ አይደለም፤ ተወልዶ ሄዷል። ከፊሉ አዲስ አበባ፣ ከፊሉ ኮምቦልቻ፣ ከፊሉ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ዐረብ አገር ነው። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ከአውሮፕላን ከወረዱት መካከል የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ። የተመለሰው ብዙው እንደገና ሄደ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ደግሞ ልጅ ለፋሲካና ለዒድ እንኳ እናቱን ብቅ ብሎ የሚጠይቅበትን መንገድ አስጨነቀው። ሐዋላ ይመጣል፤ እጅ ግን በሐዋላ አይመጣም። የላከችው ብር ጤፍ ይገዛል፤ የአባቷን ጀርባ አያሽም።

ይህን ስል ሁለት ዓይነት ሰዎች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያዎቹ የባህል ጠበቆች ነን ባዮች ናቸው። ‹‹መጦሪያ የፈረንጅ ነገር ነው፤ እኛ ወላጆቻችንን አንጥልም›› ይላሉ። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ወላጆቻቸውን ለታናሽ እህታቸው፣ ታናሽ እህታቸው ከሌለች ለሠራተኛ ትተው የመጡ ሰዎች ናቸው። ለመሆኑ መጦሪያ መቼ ነው ከባሕር ማዶ የመጣው? ጦረ ከሚለው ግስ ጧሪንም፣ ጡረታንም፣ መጦሪያንም ያወጣ ቋንቋ የራሱ አሳብ የለውም ሊባል ነውን? ባሏ የሞተባት፣ ልጅ የሌላት እናት ቆብ ጥላ በቤተ ክርስቲያን አጥር ጥግ በታናሽ ጎጆ ስትኖር፣ ከደጀ ሰላሙም ስትቀምስ ኖራለች። በወሎ ዛውያዎችም ደካማ ተጠግቶ፣ ኻዲሞች እያገለገሉት፣ ዱዓ እያደረገ ዕድሜውን ጨርሷል። የማዘር ቴሬዛ እህቶች በ1973 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገብተው ከጎዳና ያነሡትን ሲያስታምሙ፣ ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. መቄዶንያን ሲመሠርት፣ የሠሩት አዲስ ሥራ ሳይሆን እኛ የተውነውን ነው። ስለዚህ ነውሩ መጦሪያ መኖሩ አይደለም።

ደግሞስ የዘመድ ቤት ሁሉ የክብር ቤት ነውን? በገጠራችን መሬትን ለጧሪ በስጦታ ማስተላለፍ የታወቀ ነገር ነው። ጉልበቱ የከዳው ገበሬ ‹‹እስክሞት ጡረኝ፣ ማሳው ያንተ ነው›› ብሎ ይፈርማል። ወረቀቱ ከመዝገብ እስኪገባ ሽማግሌው ምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ገንፎው ትኩስ ነው፤ ባናው ድርብ ነው። ወረቀቱ ከገባ በኋላ ግን መቀመጫው በየወሩ ወደ በሩ፣ ከበሩም ወደ ጥጃዎቹ የሚገፋበት ቤት እንዳለ የአካባቢዬ ሰው ሁሉ ያውቃል። ዘመድ መሆን ብቻውን ዋስትና ቢሆን ኖሮ የሽምግልና ጉባኤ ግማሹ ሥራው ባልቀረለት ነበር።

ሁለተኞቹ ተሟጋቾቼ ይበልጥ ያስቸግራሉ፤ ምክንያቱም ደጋጎች ናቸው። ‹‹ከጎዳና አንሥተን፣ ከጅብ አስጥለን፣ አብልተን፣ አልብሰን፣ ደግሞ ስለ ክብር ትጠይቀናለህ? በልተው ካደሩ ምን ጎደላቸው?›› ይላሉ። የጎደላቸውን ልንገራችሁ። የጎደላቸው ያው አባቶቻችን በሁለት ቃል የጨረሱት ነው፤ ከፍትፍቱ ፊቱ።

ከሦስት ዓመት በፊት አንዲት የሥጋ ዘመዴን ልጠይቅ ወደ አንድ መጦሪያ ሄጄ ነበር። የቤቱን ስምም ከተማውንም አልጠቅስም፤ አንድን ቤት ማሳጣት የሌሎቹን በር አያዘጋም። ዕለቱ የገላ መታጠቢያ ቀን ነበር። አሮጊቶቹ ሰሌን ላይ በተርታ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ራሳቸው ሁሉ በአንድ ምላጭ ተላጭቷል፤ ‹‹ለቅማል ነው›› ተባልሁ። ከመካከላቸው ቆብ የነበራቸው መነኩሲት አሉ፤ ቆባቸው ለእጥበት ተወስዶ ስላልተመለሰ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘዋል። ዘመዴ ተራዋ ደርሶ ስትገባ የመታጠቢያ ቤቱ በር ወለል እንዳለ ነው። በዚያ በኩል ወንድ ዘበኛ ጄሪካን ይዞ ይመላለሳል። ‹‹ልጄ፣ በሩን›› አለች። ልጅቱ ክፉ አልነበረችም፤ እየሳቀች ነው የመለሰችላት፦

‹‹ደግሞ አንቺን ማን ያይሻል!››

ዘመዴ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ከዚያ በኋላ ባየኋት ጊዜ ሁሉ ገላዋን እንድትታጠብ ሲነግሯት ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ያመኛል ትላለች። በመዝገቡ ላይ ‹‹ንጽሕና የምትጠላ፣ አስቸጋሪ›› ተብሎ ተጽፎላታል። እኔ የማውቃት ሴት ግን በሕይወቷ ሙሉ ለሰው ዓይን የማትገለጥ፣ ወንዝ ወርዳ ስትታጠብ እንኳ ሁለት ልጃገረዶች በነጠላ የሚጋርዷት ሴት ነበረች።

‹‹ማን ያይሻል›› የሚለው ቃል እንዲያው የአንዲት ልጅ ቀልድ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ። ያች ልጅ የተናገረችው የሁላችንንም እምነት ነው። ሰው ሲያረጅ ገላው የማንም ይሆናል፤ ዕፍረቱ ከጥርሱ ጋር ይረግፋል ብለን እናምናለን። ውሸት ነው። ጥርስ ይረግፋል፤ ዕፍረት አይረግፍም። አእምሮው የሳተው እንኳ የማያውቀው እጅ ቀሚሱን ሲገልብበት የሚጮኸው ለምን ይመስላችኋል?

ይህ ነገር በእኛ ብቻ አልተጀመረም። አሜሪካ ይሠራ የነበረው የማኅበረሰብ ሊቅ ኤርቪንግ ጎፍማን በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ‹‹አሳይለምስ›› በተባለ መጽሐፉ፣ ሰውን በአንድ አጥር ውስጥ የሚያኖሩ ቤቶች አዲስ ገቢውን እንዴት እንደሚቀበሉት አሳይቷል። ልብሱን ያወልቁታል፤ ጠጉሩን ይላጩታል፤ ያጥቡታል፤ የራሱን ዕቃ ይወስዱና የቤቱን ይሰጡታል፤ ስሙ በቁጥር ወይም በአልጋ ይተካል። ማንም ክፋት አላሰበም፤ ሁሉም ለሥራ ምቾት ነው። በመጨረሻው ግን ሰውየው ይዞት የመጣው ሰውነት በር ላይ ይቀራል። እንግሊዛዊው ቶም ኪትውድም በ1997 እ.ኤ.አ. ስለ መርሳት በሽታ በጻፈው መጽሐፍ የሚጎዳውን ነገር በዝርዝር አስቀምጦታል። ትልቁን ሰው እንደ ሕፃን ማናገር፣ እያለ እንደሌለ ቆጥሮ በላዩ ላይ ማውራት፣ ሊከተለው በማይችለው ፍጥነት ማዋከብ፣ እሺ እንዲል ማታለል በዝርዝሩ ውስጥ አሉበት። አስታማሚዎቹ ክፉዎች እንዳልሆኑም ጨምሮ ጽፏል። እኔ ያየሁትንም ልጅ ክፉ ያላልሁት ለዚህ ነው።

ታዲያ እኛ ከፈረንጁ በአንድ ነገር እንብሳለን። ጎፍማን ያላየውን ካሜራ ጨምረናል።

በዓል ሲመጣ ይታያችሁ። አንድ ዓይነት ከነቴራ የለበሱ የመሥሪያ ቤት ሰዎች በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ በግ ይጎተታል፤ ኬክ ይቆረሳል፤ ከኬኩ በፊት ግን ካሜራው ይደገናል። ሽማግሌው ሲጎርስ ይቀረጻል፤ ሲያለቅስ ይቀረጻል፤ ‹‹ልጆችዎ የት ናቸው?›› ተብሎ ሲንሰቀሰቅ በቅርበት ይቀረጻል። ከጎዳና የተነሣው ደግሞ ከነቁስሉ፣ ከነእድፉ፣ አንዳንዴም ከነራቁቱ ‹‹በፊት›› እና ‹‹በኋላ›› ተብሎ በየስልኩ ይዞራል። እኒያ ሰው በአንድ ወቅት አገር ያስታረቁ፣ ምናልባትም ልጅ የዳሩ ናቸው። የዳሯት ልጅ ጅዳ ሆና አባቷን በዚያ ስልክ ላይ ራቁታቸውን ብታያቸውስ? ‹‹ካላሳየን ማን ይሰጠናል?›› የሚል መልስ ይመጣል። የሚሰጠው ሰው ለመስጠት የግድ እርቃን ማየት ካለበት፣ የታመመው ሰጪው ነው። ቤቱን አሳዩ፤ የሚጋገረውን እንጀራ፣ የሚገዛውን መድኃኒት፣ የጎደለውን አልጋ አሳዩ። ለመታየት የፈቀደውንም ጋቢውን ለብሶ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሚለውን ይበል። ፈቃድ ማለት ደግሞ ወጥ በቀረበበት ሰዓት የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም።

ሕግስ ምን ይላል? ሕጋችን በዚህ ነገር ድኻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ‹‹ቀለብ›› የሚለው ምግብን ብቻ አይደለም፤ ማደሪያን፣ ልብስንና ጤናን ይጨምራል፤ ያም እንደ አገሩ ልማድ በተገባ ሁኔታ እንዲሆን ያዝዛል። ወላጅና ልጅ ለዚህ የተሳሰሩ መሆናቸውን የ1992ቱም የቤተሰብ ሕግ አጽንቶታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰው ሁሉ ሰብዓዊ ክብር እንዲጠበቅ፣ በአንቀጽ 41 ደግሞ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በታኅሣሥ 1984 ዓ.ም. ስለ አረጋውያን ባወጣቸው መርሆዎች ከአምስቱ ርዕሶች አንዱ ክብር ነው። የአፍሪካ ኅብረትም የአረጋውያንን መብት ፕሮቶኮል ያጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ በጥር 2008 ዓ.ም. ነው። ወረቀቱ ሞልቷል ማለት ነው። ነገር ግን የትኛውም አዋጅ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በር አይዘጋም። በሩን የሚዘጋው እጅ ነው።

ስለዚህ ወደ እጅ ልመለስ። ክብር ሲባል ሰዉ ትልቅ ገንዘብ ይመስለዋል። ከምለው ነገር አብዛኛው ከአንድ መጋረጃ በላይ ወጪ የለውም።

በስም ይጠሩ፤ በአልጋ ቁጥር አይደለም። አባባ፣ እማማ፣ አያ፣ ሼኽ፣ እመት፣ አባ፣ ማን ተብለው እንደኖሩ ይጠየቁና እንደዚያው ይባሉ። ‹‹አንቱ›› የሚለው ቃል ገና አልሞተም። እናታችንን አንቺ የምንለው በፍቅር ነው፤ እናቱን አንቺ ያለ ግን የማያውቃትን አሮጊት አንቺ የሚልበት ፈቃድ አላገኘም። ሴትን ሴት፣ ወንድን ወንድ ይጠብ፤ የሚታጠበው ክፍል ብቻ ይገለጥ፣ ሌላው ይሸፈን። ከመንካት በፊት ‹‹አሁን እጅዎን ላነሣ ነው›› ይባል። ራሱን መጥረግ የሚችል ፎጣው ለእሱ ይሰጥ፤ ቢዘገይም ይጠበቅ። ቆብ የሃይማኖት ምልክት ነው፤ ሻሽም እንዲሁ፤ ከእጥበት ዕለቱኑ ይመለስ። ለሶላት የሚነሡት የውዱእ ውኃ በሰዓቱ ይቅረብላቸው። የሚጾሙትን ‹‹መድኃኒት አለብህ›› ብሎ በግድ ማጉረስ ሳይሆን፣ ቄሱም ሐኪሙም ባሉበት መምከር ይሻላል።

ጉርሻን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ከጉርሻ የሚበልጥ አክብሮት የለም፤ የሚያጎርሰው ዓይን ዓይን እያየ፣ ‹‹በሞቴ›› እያለ ነውና። ቆሞ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ያልዋጠ አፍ ላይ ማንኪያ መጠቅጠቅ ግን ጉርሻ ሳይሆን ጉድጓድ መድፈን ነው። አደጋም አለው፤ ሳይቀመጥ፣ ሳይውጥ የሚጎርስ አረጋዊ ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባና በሳንባ ምች ይሞታል። ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት፣ ቀስ ብሎ ማጉረስ ክብርም ሕክምናም ነው። ሽንትም እንዲሁ ነው። ‹‹ሸናፊ›› የሚባለው ሽማግሌ ብዙ ጊዜ ‹‹ውሰዱኝ›› ብሎ ማንም ያልሰማው ሰው ነው። በየጥቂት ሰዓቱ ጠይቆ መውሰድ ዳይፐር ከማሰር ይቀድማል። የማይንቀሳቀሰውን በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጥም ጀርባው እንዳይቆስል ያደርጋል። ያ ቁስል ሲሸት ሰው ከአጠገቡ ይሸሻል፤ ውርደቱ የሚጀምረው ያኔ ነው። ንጽሕናውና ክብሩ የማይነጣጠሉትም ለዚህ ነው።

ቡናም አለ። በላስቲክ ኩባያ ከበርሜል የሚቀዳ ቡና ቡና አይደለም። አንዷ እናት ረከቦቱ ፊት ትቀመጥ፤ አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ታስቀዳ፤ ሽማግሌው ይመርቅ። የወሎ አረጋዊ ከተቀማው ነገር ሁሉ የሚከብደው ምርቃቱን የሚቀበለው ሰው ማጣቱ ነው። ተቀባይ ብቻ ሆኖ መኖር ሰውን ያሳንሰዋል።

‹‹አስታማሚው አንድ፣ ታማሚው ሠላሳ፤ ደመወዙ የቀን ሠራተኛ አያክል›› የሚለውን ክርክር አልንቀውም። እውነት ነው። ጓንት የሌላት፣ ወገቧ የተቀጨ፣ ማንም ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ያላላት ልጅ ክብር ከየት አምጥታ ትስጥ? የሌላትን አትሰጥም። መቄዶንያ ‹‹ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው›› የሚል መፈክር አለው። ብዙ ሺህ ሰው ኪሱን እንዲፈታ ያደረገ ትልቅ ቃል ነው፤ ለመስጠት በእርግጥ ሰው መሆን ይበቃል። ለማስታመም ግን ሰው መሆን መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። ሰው መሆን ያነሣሃል፤ እንዴት እንደምታነሣ የሚያስተምርህ ግን ሥልጠና ነው። ለአረጋውያን ብር ስናዋጣ ከብሩ የተወሰነው ለአስታማሚዎች ደመወዝና ትምህርት ይዋል ስንል ‹‹ለደኻ የተሰጠውን ለደመወዝ!›› የሚሉ ሰዎች አሉ። በግ መግዛቱ ፎቶ ይወጣዋል፤ ደመወዝ ፎቶ አይወጣውም። ነገሩ እሱ ነው።

መካነ ሰላም ግን ከሌላው ትቅደም ብዬ እለምናለሁ። ሆስፒታል አላት፤ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ከሁሉም በላይ ዕድር አላት። የአዲስ አበባ ዕድሮች ኤች አይ ቪ አገሩን ባመሰበት ዘመን ‹‹እኛ ለቀብር ነው የቆምነው›› ማለትን ትተው አልጋ የያዘውን በቁሙ መርዳት ጀምረው ነበር። ድንኳን መትከል የሚችል ዕድር መጋረጃ መስቀል አያቅተውም። በየሳምንቱ ሁለት ሴትና ሁለት ወንድ በተራ መድቦ፣ ጧሪ የሌላቸውን አረጋውያን በየቤታቸው ያጥብ፣ አልጋቸውን ያንጥፍ፣ ጧሪ አለን የሚሉትንም ‹‹እንዴት አደራችሁ?›› ብሎ ዓይኑን ጣል ያድርግ። መሬት የተቀበለ ጧሪ ዕድር እንደሚመጣበት ካወቀ የሽማግሌውን መቀመጫ ወደ ጥጃዎቹ አይገፋም። ሬሳ የሚያጥቡት እነዚያው የተከበሩ ሰዎች የሚያውቁትን ወግ ለጎረምሶቹ ያስተምሩ፤ ሥርዓቱ ከእጃቸው አለ።

እናንተም በሚመጣው በዓል ወደ አንድ መጦሪያ የምትሄዱ አንባብያን፣ በጉን ይዛችሁ ሂዱ፤ አልከለክልም። ስልካችሁን ግን ከኪሳችሁ አታውጡ። ከማዕዱም በፊት አስተዳዳሪውን ‹‹መታጠቢያ ቤቱን አሳዩን›› በሉት። በሩ መዝጊያ እንዳለው እዩ። ከሌለው የበጉን ዋጋ ለመዝጊያው ስጡት።